ኡጃምባና የደቡቡ ግድግዳ

ቺማንላል ሰው የሚባል ፍጡር አይወድም ነበር። ይህን የምለው ለሐሜት ሳይሆን ራሱ በየሄደበት ሲናገረው ስለኖረ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከሚያነሣው ሰው ጀርባ የሚሰቅለውን ሰማያዊ መጋረጃ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ በህንድ አገር፣ በአሮጌው አህመዳባድ ጠባብ መንገዶች ከሰፈር ሰፈር ሲዞር የማያውቀው ቤት የለም። የሚያውቀውን ቤት ሁሉ ደግሞ ይንቃል።

ከሁሉም አብልጦ የሚንቀው ከሩቅ አገር የሚመጡትን የሙያ ባልደረቦቹን ነው። ክንድ የሚያህል ሌንስ ተሸክመው ይመጡና ቀለሙ የተላጠ በር ሲያዩ ይንበረከኩለታል። የቤቱ ባለቤት በሩን ከፍቶ ብቅ ሲል ደግሞ "ዞር በልልን" ብለው በእጃቸው ያባርሩታል። "ትናንትና አንዱ ላም ለማንሳት መሬት ላይ ተጋደመ" ይላል ቺማንላል፣ ሻዩን በስኒ ማስቀመጫው ላይ ገልብጦ ፉት እያለ፤ "ላሟ እንኳ አፈረችለት!"

የሱ እንጀራ ሌላ ነው። በዚያ ከተማ ሰው ሲሞት ፎቶው በትልቁ ታጥቦ፣ ፍሬም ገብቶለት፣ የአበባ ጉንጉን ተደርጎበት በሳሎኑ ደቡብ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ደቡብ የሙታን ወገን ስለሆነ በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ እዚያ አይሰቀልም። ታዲያ አንድም ፎቶ ሳይነሡ የሚያረጁ ሞልተዋል፤ ልጆቻቸውም "ለግድግዳ ነው" ብሎ መናገሩ ያሳፍራቸዋል። ቺማንላልን ይጠሩና "ለራሽን ካርድ ነው በላቸው" ይሉታል። እሱም ይላል። ስንቱን ሽማግሌ መንግሥት በካርድ በሚያድለው ስኳር ስም አታሎ አነሣ! "ፊታቸውን ቀላ አድርግልን፣ ጥርስ ሣልላቸው፣ ሐር ሳሪ አልብሳቸው" ሲሉት ደግሞ በብሩሽ ያቀላል፣ ጥርስ ይተክላል፣ ያለብሳል። "በቁማቸው ቡትቶ፣ ሲሞቱ ሐር። እትፍ!" ይላል፤ ብሩሹን ግን አያስቀምጥም።

ኡጃምባ የሚባሉ ባልቴት ዘንድ የተጠራው በዝናቡ ወር ነበር። ሦስት ወንድ ልጆቻቸውና ሁለት ምራቶቻቸው ፎቁን ተከፋፍለውት፣ እሳቸው ደረጃ ሥር ባለች እግር እንኳ በማታስዘረጋ ክፍል ታመው ተኝተዋል። አርባ ዓመት ለዚያ ቤት ቂጣ ጋግረዋል፤ የሚበሉት ግን ሁሉም በልቶ ከተነሣ በኋላ ድስቱ ሥር የቀረውን ነበር፤ ከቀረ።

የጨርቅ ነጋዴው ናቱባይ፣ ትልቁ ልጅ፣ ቺማንላልን በር ላይ ያዘው።

"ቺማንላል፣ ወንድሜ፣ ሐኪሙ ሳምንት አይሞላቸውም ብሏል። ቶሎ በል።"

"ምን ልበላቸው?"

"ያው... የተለመደውን።"

ቺማንላል ሰማያዊውን መጋረጃ ከአሮጊቷ ኋላ ሰቅሎ "ለራሽን ካርድ ነው" አላቸው። ኡጃምባ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ስሜ ካርዱ ላይ ካለ፣ ድርሻዬ በእጄ ይሰጠኛል?"

"እንዴታ እናቴ። አይንቀሳቀሱ።"

ሥዕሉ አምሮ ወጣ። ጉንጫቸው ሞላ፣ ድዳቸው ጥርስ አበቀለ፣ አረንጓዴ ሐር ለበሱ። ልጆቹ አይተው አለቀሱ። ይብላኝላቸው! ፎቶው ፍሬም ገብቶለት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ።

ኡጃምባ ግን አልሞቱም። በሁለተኛው ሳምንት ሾርባ ጠየቁ፣ በሦስተኛው ተነሡ፣ በአራተኛው ምራቶቹ ተሽቀዳድመው ሊጡን መለሱላቸው።

ከዚያ የሙታን ሰሞን መጣ። በዚያ ሰሞን ሩዝ በወተት ይቀቀልና የመጀመሪያው ድርሻ በሟቾች ስም ለቁራዎች ጣራ ላይ ይወጣል፤ ሟች ሳይቀምስ አንድም ሰው እጁን ወደ ሳህን አይሰድም። የግድግዳው ፎቶ ሁሉ ይወለወላል፣ አዲስ አበባ ይደረግለታል። ሥራው ለትንሿ ምራት ለካንቻን ተሰጠ። ካንቻን ከተዳረች ሦስት ሳምንቷ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ ጥቅሉን አገኘችና ፈታችው፤ ባለጥርስ፣ ባለሐር፣ ቀይ ወይዘሮ። የባሏ አያት ትሆናለች ብላ ወለወለቻት፣ ጉንጉን አጠለቀችላትና ሰቀለቻት። በየቀኑ ማድ ቤት አብራቸው የምትቀመጠውን አማቷን አላወቀቻቸውም። በምን ታውቃቸው!

ኡጃምባ ሊጥ የነካ እጃቸውን እያራገፉ ብቅ አሉ። ግድግዳውን አዩ። ሐሩን አላወቁትም፤ ሰማያዊውን መጋረጃ ግን አወቁት።

አልጮኹም። እጃቸውን ታጠቡና ከባላቸው ሞት ወዲህ ናቱባይ ብቻ በሚቀመጥበት፣ ከጣራ በተንጠለጠለው የሳሎኑ ዥዋዥዌ ወንበር ላይ፣ ልክ ከፎቶው ሥር፣ ተመቻችተው ተቀመጡ።

"ያንን ፎቶ አንሺ ጥሩልኝ" አሉ።

ቺማንላል ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ተኮልኩሏል። ናቱባይ ላቡ በጀርባው ይወርዳል።

"እማዬ፣ ይተዉ እንጂ፣ ሰው እየሰማ ነው። አሁን እናወርደዋለን።"

"ማን ነክቶት! ሞቻለሁ፣ አበባዬም እነሆ። የሞተ ሰው ሊጥ አያቦካም። የሞተ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይበላል። ወይስ እኔን ዘላችሁ ለቁራው ልትሰጡት ነው?"

"ልክ ናቸው!" አለች ከበሩ አንዷ ጎረቤት። "ናቱባይ፣ አምጣ እንጂ!"

ናቱባይ ዙሪያውን አየ፤ የሚያድነው አልነበረም። ማድ ቤት ገብቶ የመጀመሪያውን ጭልፋ በገዛ እጁ ቀድቶ አመጣ። ኡጃምባ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ቤት ሰው በረሃብ እያፈጠጠ፣ ጥርስ በሌለው አፋቸው ቀስ ብለው በሉ። ጨመሩላቸው። ይህንንም በሉ።

ቺማንላል ደስታው ለጉድ ነበር። እነዚህ ነጋዴዎች ሲዋረዱ ማየት! አፉን በመጋረጃው ጥቅል ሸፍኖ ሳቀ።

"አንተ፣ ምን ያስቅሃል?" አሉት ኡጃምባ። "እናትህ አሉ?"

"አሉ፣ እናቴ።"

"አንሥተሃቸዋል?"

ሳቁ ቆመ። የእናቱ ፎቶ በትልቁ ታጥቦ፣ ፍሬም ገብቶለት፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አልጋው ሥር ከተቀመጠ ሦስት ዓመቱ ነው።

"ምን ብለህ አነሣሃቸው?"

"ለ... ለራሽን ካርድ።"

ኡጃምባ ሳህኑን በጣታቸው ጠርገው ላሱና ቀና ብለው አዩት።

"ታዲያ ዛሬ በልተዋል?"

ቺማንላል አያውቅም ነበር።