ፀሐይ የምታድርበት ሣጥን

በዚያ አገር እኔን የሚያነሣ ሰው ካለ የሚያነሣኝ በአንድ ነገር ነው፤ በቅሎውን ሕዝብ በሚጠጣው ምንጭ ውስጥ ያንቦጫረቀ ነጋዴ ብሎ። እውነት ነው፣ አንቦጫርቄያለሁ። ለምን እንደሆነ የሚያውቁ ግን አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አፈር ከሆኑ ቆይተዋል።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ከክፉው ድርቅ በኋላ፣ እርዳታ የሚሉት ነገር በየአቅጣጫው የሚመጣበት ወቅት። እኔ ከጋሸና ነጭ ጋዝ፣ ጨውና ክብሪት በበቅሎ እየጫንሁ በላስታ ደጋ እቸረችር ነበር። ትልቁ ደንበኛዬ ከላሊበላ ወዲህ ባለች አንዲት መንደር ያለ ክሊኒክ ነው። የክትባቱን መድኃኒት የሚያኖሩበት ማቀዝቀዣ በጋዝ ነበር የሚሠራው። እሳት ነድዶ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ግን ዋጋ የሚያወጣ ነገር ሁሉ እንዲገባኝ ግዴታ የለብኝም።

የጋዙ ጣጣ ብዙ ነበር። ጀሪካኑ በመንገድ እያፈሰሰ የበቅሎዬን ጎን መልጦታል። ያፈሰሰው ሁሉ የገባው መሬት ውስጥ ነው፤ ያኔ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። ማቀዝቀዣው ያለበት ክፍል ጥላሸት ለብሶ ማድ ቤት መስሏል። መንገድ ሲዘጋና እኔ ስዘገይ ደግሞ እሳቱ ይጠፋል፣ መድኃኒቱም ይበላሻል።

አንድ በጋ ላይ ፈረንጆች መጡና ከጣሪያው ላይ ጥቋቁር መስታወት ዘርግተው፣ ማቀዝቀዣውን ቀይረው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ ጋዝ የለ፤ እኔም የለሁ።

የክሊኒኩ ዘበኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነገር መቆስቆስ ይወዳሉ። ጨው ይዤ ብቅ ባልሁ ቁጥር ወደ ጣሪያው ያሳዩኛል።

«ምነው ልጄ፣ ከፀሐይ ጋር ተኳረፍህ?»

«ዋጋ ሰበረችብኝ፣ አባባ።»

«ሰበረችልን በል። ኩፍኝ ታች ያለውን መንደር ሲያጭድ የእኔን የልጅ ልጅ ማን አተረፋት? የአንተ ጋዝ?»

ልጅቱ በግቢው ውስጥ ስትሮጥ አያታለሁ። አንድ ቀን ግን ነገር ፈለግሁና፣ «ማታስ? ማታ ፀሐይቱ የት ታድራለች?» አልኋቸው። ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡና ግድግዳ ሥር የተደረደሩ ከባድ ጥቋቁር ሣጥኖችን አሳዩኝ። «እዚህ ታድራለች» አሉኝ፤ የራሳቸው እንግዳ ይመስል። ባትሪ ነበሩ፤ ጋሸና በየከባድ መኪናው ሆድ ውስጥ የማውቃቸው፣ መጠናቸው ብቻ የገዘፈ።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሣጥኖቹ ሞቱ። አዲስ መጣ፤ አሮጌዎቹ በረንዳ ላይ ተከመሩ። የጤና ረዳቱ፣ «ልጆች እየተንጠላጠሉባቸው ነው፣ እባክህ አንሣልኝ» አለኝ። ደሴ ውስጥ የባትሪ እርሳስ አቅልጠው የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ ከሾፌሮች ሰምቻለሁ፤ እሺ አልሁ። የተቃጠርነው ለሚያዝያ፣ ምድሩ ሁሉ ደርቆ የመንደሩ ውሃ በዚያ በአንዱ ምንጭ ላይ በቀረበት ወቅት ነው።

በቀጠሮው ቀን ስደርስ የጤና ረዳቱ ለስብሰባ ላሊበላ ተጠርቶ ሄዷል። ዘበኛው ግን ፊታቸው በርቶ ጠበቁኝ።

«ጭነትህን አቅልዬልሃለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

«ውስጣቸው ውሃ ሞልቷል ለካ! ክዳኑን በቢላ ፈልቅቄ ደፋሁልህ። በቅሎህ አፍ ቢኖራት ትመርቀኝ ነበር።»

«የት ደፉት?»

«ምን ነካህ? መንገድ ላይ የምደፋ ሰው መሰልሁህ?»

በእኛ ዘንድ እጣቢ መንገድ ላይ አይደፋም። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው ይረግጠዋል፤ በዓይን የማይታዩትም ይተላለፉበታል፣ እነሱን ማስቀየም ደግሞ ጥሩ አይደለም። ሽማግሌው ጨዋ ናቸው። ከመንገዱ አርቀው፣ ከክሊኒኩ ሥር ካለው ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ፣ ጠብታ ሳይረጩ አንቆርቁረውታል። ከቋጥኙ ቁልቁል ያለው ምንጩ ነው።

ሱሪያቸውን አየሁት። ጉልበቱ ወንፊት ሆኗል።

«ይህን ሱሪ ምን በላው?»

«እንጃ፣ ጠዋት ደኅና ነበር» አሉና በጣታቸው ቀዳዳውን ነካ ነካ አደረጉት።

ጋሸና ላይ የባትሪ ውሃ የአንዱን መኪና ረዳት እጅ ሲልጠው አይቻለሁ። አሲድ ይሉታል፤ ሲረጭባቸው ወደ አመድ ነው የሚሮጡት። አንዱ ሾፌር፣ «እርሳስም አለበት፤ ከብት ቢጠጣው አይነሣም» ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ይህን የማውቅ በዚያ ግቢ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ማወቅ እንዲህ የከበደኝ ቀን የለም።

ጮኬ እንዳልናገር፣ የዓምናው ነገር አለ። የአንድ መንደር ወፍጮ ሞተሩ ቢሰበር ሠራተኛውን ካድሬዎች «አሻጥር ነው» ብለው ወሰዱት፤ የት እንደደረሰ ዘመዶቹም አላወቁ። ለሞተር እንዲህ ከሆነ ለተመረዘ ምንጭ ምን ሊሆን ነው? ሽማግሌው በቅንነት ነው የደፉት ብዬ ለማን ላስረዳ? ዝም ብል ሴቶቹ ይቀዳሉ፤ ብናገር ሽማግሌው ይወሰዳሉ። ጥላው መዞር ጀምሯል፤ ጥላ ሲዞር ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ይወርዳሉ።

መርፌ ከሚቀቀልበት ምድጃ ሥር ያለውን አመድ በጆንያ ዛቅሁ። «ለበቅሎዬ ቁስል ነው» አልሁ። ሽማግሌው ጆንያውን አዩ፣ በቅሎዋንም አዩ። ወርጄ አመዱን ስንጥቁ ላይ ስደፋው ተንጫጫ፤ እንደ ጠላ አረፋ ደፈቀ። ነገሩ እውነት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። እርጥበቱ ከስንጥቁ ወጥቶ በአፈሩ ላይ ወደ ታች መንገድ ይዟል። ምንጩ ጋ ደርሶ እንደሆነ በዓይኔ መለየት አልቻልሁም።

በቅሎዬን ይዤ ወደ ምንጩ ወረድሁ። እሷ ከእኔ ጨዋ ናት፣ አልገባም አለች። ጎተትኋት። ከገባች በኋላ ግን ከታዘዘችው በላይ ሠራች፤ ረገጠች፣ አደፈረሰች፣ ጅራቷንም አነሣች።

«ኧረ ጉድ! ኧረ የሰው ያለህ!» የመጀመሪያዋ ሴት ከአፋፉ ላይ ጮኸች። «አንተ የጋዝ ነጋዴ! ምን እያደረግህ ነው?»

«አምልጣኝ ነው፣ እትዬ።»

«አምልጣህ? ልጓሙ በእጅህ አይደል እንዴ!»

ከኋላዋ የመጣችው ቀጠለች፤ «ተዪው እቴ! ጋዙን ፀሐይ ቀማችው፤ ነገ ውሃ በጀሪካን ጭኖ ሊሸጥልን ነው!»

ሣቁም ስድቡም ወረደብኝ። እኔ ግን የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። የረከሰ ምንጭ አይቀዳም፤ መንደሩ ወጥቶ እስከ ሥሩ ይጠርገዋል፣ ውሃውም ሲፈስ አድሮ፣ ሽማግሎች ጠራ ካላሉ ማንም አይነካውም። ሕጋቸው ይህ ነው። ያንለት በቅል እየጨለፉ ወደ ገደሉ ሲደፉት፣ አብሬያቸው ሆኜ እየተሰደብሁ ጨለፍሁ። እጄ አመድ አፋሽ ነው ይላል ሰው፤ የእኔ ያን ቀን በእውነት ነበር።

ፍርድ ተቀመጡ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ «ሆን ብሎ ነው እንዴ?» ሲል ያ «አሻጥር» የሚሉት ቃል የመጣ መሰለኝ። አንድ ቄስ አወጡኝ። «ሆን ብሎ የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ ያስባል፤ ይህ ሲያስብ ታዩታላችሁ?» አሉ። ተሣቀ። ከምንጩ በላይ የጎርፍ ቦይ እንድቆፍር፣ ዙሪያውንም በእሾህ እንዳጥር ተፈረደብኝ።

ካሣ ቢሉኝ እከራከር ነበር፤ ቦይ ሲሉኝ ግን ጉልበታቸውን መሳም ቃጣኝ። የምፈራው ዝናቡን ነው። በአሸተን ማርያም ተራራ በኩል ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ የቀረውን አጥቦ ያወርደዋል። ያንለቱን እስከ እኩለ ሌሊት በጥድፊያ ቆፈርሁ፣ ከፈረዱብኝም በላይ አጠለቅሁት። አሲዱን የጠጣውን አፈር ከነአመዱ ጠርጌ በጆንያ ሞላሁና ተሸክሜ ቆምሁ። የት ልውሰደው? ወዲህ ብለው ከታች መንደር አለ፤ ወዲያ ብለው ማሳ አለ። ላስታ ውስጥ የትም ብትደፋ ከታች ሰው አለ። በመጨረሻ ሣር እንኳ በማያበቅል ጉብታ ላይ ቀበርሁት፣ ድንጋይም ጫንሁበት። እንቅልፍ ግን አልሰጠኝም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ምንጩ ስወርድ ሽማግሌው ቀድመውኛል። ቅላቸውን ይዘው ጠርዙ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው እርጥብ ነው።

«ቁስል የሌላት በቅሎ አመድ አትፈልግም» አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ። «ምን ነበር የደፋሁት?»

ነገርኋቸው። ወደ መንገዱ ቀና አሉ። የልጅ ልጃቸው እንስራዋን ይዛ ከእናቷ ጋር የምትመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

«ታዲያ ለምን ጠጡት?» አልሁ።

«ከእሷ በፊት ማን ይጠጣልኝ?» ቅሉን ደግመው ሞሉት። «አይጎመዝዝም፣ አይመርም። ግን ያረጀ ምላስ ነው፣ አላምነውም።»

እኔ ደግሞ ማርም ይሁን ቅቤ ሳልቀምስ ተቀብዬ አላውቅም። ቅሉን ከእጃቸው ወሰድሁ፤ ቢስሚላሂ ብዬ ጠጣሁ። የድንጋይ ጣዕም እንጂ ሌላ አልነበረውም። ሴቶቹ ሲመጡ ሁለታችንም ሆዳችንን እያዳመጥን ተቀምጠን ነበር። እርሳስ ጣዕም እንደሌለው የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ባዶዎቹን ሣጥኖች ጭኜ ሄድሁ። ዝናቡ መጣ፤ ቦዩ ጎርፉን ወደ ገደሉ ወሰደው። በሰውም በከብትም ላይ የደረሰ ነገር አልሰማሁም። ብሰማም ከዚያ ይሁን ከሌላ ማን ይለየው? በዚያ መንደር ልጅ ሆዱን አመመው በተባለ ቁጥር ግን ከየትኛው ውሃ እንደጠጣ የምጠይቅ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ከቋጥኙ ሥር ያለችው መሬት እኔ እስካየኋት ድረስ ሣር አላበቀለችም።

መስታወቱ ጣሪያው ላይ ሥራውን ቀጠለ፤ ልጆች ተከተቡበት፣ ክፍሉም ዳግም ጥላሸት አላየም። ከዓመታት በኋላ ሣጥኖቹ እንደገና ሲሞቱ ሽማግሌው በጣም ደክመው ነበር፤ ግን እኔ እስክመጣ ድረስ ማንንም አላስነኩም፤ አጠገባቸው ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ፀሐይቱን ከነውሃዋ ውሰዳት» አሉኝ።

ቀጥ አድርጌ ጫንኋቸው፤ በቅሎዋንም እኔንም አላበን። ጋሸና ድረስ ጠብታ አልፈሰሰም። አንድ ሾፌር ተረክቦኝ ወደ ደሴ ነዳ። እዚያ እርሳሱን የሚያቀልጡት ሰዎች ውሃውን የት እንደሚደፉት አልጠየቅሁትም። ከደሴም በታች አገር አለ።