ልብሱን የምናወልቅለት ቤት

ጎረቤቴ ሰሞኑን ቤቱን ኖራ እያስቀባ ነው፤ የእርጥቡ ኖራ ሽታ ጠዋት ጠዋት በመስኮቴ እየገባ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ሌላው ሰው ይህን ሽታ ሲያሸት አዲስ ነገር ይታየው ይሆናል፤ እኔን ግን ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ድካም ድካም ይለኛል። በልጅነቴ ቤታችን ኖራ ከሸተተ ብዙም ሳይቆይ ዕቃ ማሰር ይመጣ ነበርና።

አባቴ የሒሳብ መምህር፣ እናቴ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሁለቱም ከሌላ አገር ተመድበው ወላይታ ሶዶ መጥተው፣ እዚያው ተዋውቀው የተጋቡ የመንግሥት ሠራተኞች ስለነበሩ የራሳችን የምንለው ቤት አልነበረንም። እናቴ ያደገችው ሀላባ ነው። በዚያ አገር የቤት ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም በቀለም ስለሚሣል፣ ባዶ ግድግዳ ስታይ የሆነ ቦታ የሚያማት ይመስለኝ ነበር። ደመወዛቸው ከወር ወር ቢያደርሰን እንጂ ለጌጥ የሚተርፍ አልነበረምና፣ ጌጡን የምትለቅመው ሰው ከናቀው ነገር ነበር። ከሰልቫጅ ክምር ውስጥ መሐሉ የሳሳ አንሶላ መርጣ፣ ደህና ደህናውን ቆርጣ መጋረጃ ትሰፋለች፤ የደረቀ የእንሰት ኮባ ከሰፈር ሴቶች ለምና፣ ሰንጥቃና ጎንጉና ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች፤ አፉ የተሰበረ ቅል ካገኘችም አሽታ፣ ቀለም ቀብታ፣ ጥግ ላይ ስታቆመው የተሰበረው ቦታ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስል ነበር።

ይህ ሙያዋ ነው ሁለት ቤት ያስለቀቀን። የመጀመሪያው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የነበረው ሁለት ክፍል ሲሆን፣ እናቴ ግድግዳውን በጭቃ መርጋ፣ ኖራ ቀብታ፣ በሩ ሥር አበባ ተክላ እንደጨረሰች ባለቤቱ ሊጠይቀን መጥቶ፣ ምሳችንን በልቶ፣ ዓይኑን ከግድግዳ ግድግዳ እያመላለሰ «እጅሽ ይባረክ» ብሏት ሄደ። በወሩ ልጁ ሚስት ሊያገባ ነውና ልቀቁልኝ አለ። በሁለተኛው ቤት ደግሞ እራት ላይ ሳለን አከራያችን አንድ አዲስ የተመደበ ሐኪም ይዛ ገብታ፣ እኛ እንጀራችንን እንደጎረስን ክፍሎቹን እያዞረች አሳየችው። ሐኪሙ አፍሮ መሬት መሬት ሲያይ ትዝ ይለኛል፤ ቢያፍርም ግን ቤቱን ተከራየው።

የዚያን ጊዜ አባቴ ዕቃ እያሰረ «የሰው ወርቅ አያደምቅም ብዬሽ ነበር» አላት።

«እኔ ልድመቅ አላልኩም» አለች እናቴ፤ «ልጆቼ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ነገር ይኑራቸው ነው ያልኩት።»

ሦስተኛው ቤት የገባነው በጥር፣ አቧራው ከመንገዱ ተነሥቶ ምግባችን ላይ በሚያርፍበት ወር ነበር። የጭቃ ግድግዳው ተሰነጣጥቆ፣ ቆርቆሮው ዝጎ፣ ባለቤቲቱ እትዬ ታደለች ራሳቸው ያፈሩበት ቤት ነበር። እትዬ ታደለች ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴትዮ ሲሆኑ፣ ሁምቦ ውስጥ ከበቆሏቸውና ከከብቶቻቸው ጋር ስለሚኖሩ ወደ ሶዶ የሚመጡት በወር ሁለቴ፣ በገበያ ቀን ብቻ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ወር ሙሉ ራሷን ገታች፤ ከሥራ መጥታ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ ያንን ስንጥቅጥቅ ግድግዳ ስታይ ትቆይና ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን አልቻለችም። ከመንገድ ዳር ቀይ አፈር፣ ከወንዝ አካባቢ ነጭ አፈር አስመጥታ፣ ከሰል ፈጭታ፣ ከእበት ጋር ለውሳ፣ የሳሎኑን ትልቁን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሣለችው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ውብ ነገር በእኛ ቤት ይኖራል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ፣ ማታ እንኳ ተነሥቼ በእጄ ልዳስሰው ያምረኝ ነበር።

በበነጋው እኔንና አምስት ዓመት የሆነውን ወንድሜን ናቲን አስቀምጣ፣ «ይህን የምናየው እኛ ብቻ ነን፤ እትዬ ታደለች ሲመጡ ቤቱን ልብሱን እናወልቅለታለን፣ ሲሄዱ እናለብሰዋለን» አለችን። ናቲ በጨዋታው ተደሰተ፤ አባቴ ግን ራሱን ነቅንቆ ወደ ደብተር እርማቱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን ለኛ የሥራ ቀን ሆነ። ሌላው ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን ያሳምራል፣ እኛ እናስቀይም ነበር። መጋረጃዎቹን አውርደን አልጋ ሥር እንከታለን፣ የትራስ ልብሶቹን ገልብጠን እናለብሳለን፣ የኮባውን ጉንጉን ፊቱን ወደ ግድግዳ እናዞረዋለን፤ በተሣለው ግድግዳ ላይ ደግሞ የተተረተረ የማዳበሪያ ጆንያ እንደ ሸራ ዘርግተን እንወጥርበታለን። እናቴ የከሰሉን ከረጢት በሩ ሥር አስቀምጣ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቆማ አይታ፣ «ማስጠሊያ ነው፤ ጥሩ ነው» ትል ነበር። ቀልድ ይመስል ነበር መጀመሪያ።

በበልግ ዝናቡ ከሁምቦ የሚመጣውን መኪና እያዘገየ፣ እትዬ ታደለች የሚደርሱበት ሰዓት አይታወቅም ነበርና፣ ከጠዋት ጀምሮ ልብሱ በወለቀ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን እንጠብቃቸዋለን። የክፍል ጓደኛዬ አንድ ቀን በዚያ ሰዓት መጥታ፣ ጆንያውንና ከሰሉን አይታ ከበር ስትመለስ እንዴት እንዳፈርኩ አልረሳውም፤ ቆይ ነገ ነይና እዪው እንዳልላት ምስጢር ነው፣ ዝም እንዳልል ደግሞ አንገበገበኝ። ሴትዮዋ ሲመጡ ግን ክፉ አልነበሩም። ጭቃቸውን በር ላይ ጠርገው፣ «ሳሮ» ብለው ሁላችንንም በየተራ ጨብጠው፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ጥጆቻቸው በወላይትኛ በተቃኘ አማርኛቸው ያወሩን ነበር። አንድ ጊዜ ናቲ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ሲሄዱ ነው እኮ ቤታችን የሚያምረው» አላቸው። እናቴ የያዘችው ብርጭቆ እጇ ላይ ቀረ። እትዬ ታደለች ግን እስኪያስላቸው ስቀው፣ «እኔ ስሄድ ደስ ይልሃል ማለት ነዋ፣ አይ አንተ» ብለው ጉንጩን ቆነጠጡት።

እየቆየ ነገሩ ሁሉ አደከመን። እናቴ ከሥራ ገብታ፣ ምግብ ሠርታ፣ የወረደውን መልሳ ስትሰቅል ይመሻል፤ መስቀያው ገመድ በየጊዜው ይበጠሳል፤ ጆንያው ሲነካው ቀዩ አፈር እየተላጠ ስለሚወርድ ሥዕሉን ደግማ ደጋግማ መጠገን ነበረባት። ክረምት ሲገባ ጆንያውን ለማንሳት እጇ እየሰነፈ፣ አንዳንዴ ሦስት አራት ቀን እንደተወጠረ ይቆይ ነበር። ለማን ብለን ነው የምንደክመው ብዬ በልቤ እማረርባት ነበር። ልጅ ነበርኩና እሷም ይህንኑ ራሷን እንደምትጠይቅ አልገባኝም።

በዚያው ክረምት እትዬ ታደለች ቤቱን የሚያዩበት ዓይን ተለወጠ። ጣሪያው ሥር ያለውን የውሃ እድፍ፣ ጆንያውን፣ ከሰሉን በተራ አይተው «ኧረ ይህች ቤት ታሳዝነኛለች፤ ልጆቹም ያሳዝኑኛል» እያሉ፣ ከሁምቦ እሸት በቆሎና በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ያመጡልን ጀመር። እናቴ ቅቤውን ስትቀበል ፊቷ ይቀላ ነበር። አንድ ማታ ለአባቴ፣ «ልንገራቸው ይሆን?» ስትለው ሰማሁ፤ አባቴም «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያንቺ ግድግዳ ነው» አላት። አልነገረቻቸውም። ሁለት ጊዜ የተቃጠለ ሰው ሦስተኛውን እሳት ቀርቦ አይሞቅም።

ነሐሴ ጋመስ ሲል እትዬ ታደለች በገበያ ቀናቸው መጡና አንድ ጥቅል ከብብታቸው አውጥተው እናቴ ጭን ላይ አኖሩት። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው፣ ገና ከሸማኔ እጅ የወጣ ዱንጉዛ ነበር።

«የምሕረት እናት» አሏት፤ ምሕረት እኔ ነኝ። «ለምትገቢበት ቤት ይሁንሽ፣ ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ይህች ቤት አርጅታለች። ባየኋት ቁጥር ሰው አስቀምጬባት እያልኩ ኃጢአት ይሰማኛል። ቦታዋን የሚፈልግ ሰው አገኘሁ፤ አፍርሶ ብሎኬት ይሠራባታል። መስከረም ሳይገባ ሌላ ቤት ፈልጉ።»

እናቴ ጥለቱን በጣቷ ስትዳስስ ቆየች። ከዚያ ጨርቁን አጥፋ አስቀምጣ ተነሣችና፣ ወደ ግድግዳው ሄዳ የጆንያውን ገመድ በአንድ በኩል ፈታችው። ጆንያው ተንሸራቶ ሲወርድ ቀዩና ነጩ ብቅ አለ። እትዬ ታደለች ዱካው ላይ እንዳሉ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አዩት።

«የማን ቤት ነው ይሄ?» አሉ።

«የእርስዎ ነው» አለች እናቴ።

«መቼ ሠራሽው?»

«በየካቲት።»

ሴትዮዋ ወሮቹን በልባቸው ሲያስቡ ታየኝ፤ ያ ሁሉ ዱካ ላይ መቀመጥ፣ ያ ሁሉ ቅቤ። «ታዲያ ከኔ ለምን ደበቅሽው? እኔ ምን አደረግኩሽ?»

«ካዩት ያስወጡኛል ብዬ ነው» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

እትዬ ታደለች ተነሥተው፣ እንደኔ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ይህን አይቼ ቢሆን ማን ይነካት ነበር» አሉ፤ «አሁን ግን በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን እንዴት እመልሳለሁ?» እናቴም ይመልሱልኝ አላለችም። በዚያ አገር በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል እንዴት እንደሆነ ታውቃለች። አሳምረንም ወጣን፣ አስቀይመንም ወጣን።

የቀሩን ሳምንታት ቤቱ አንድም ቀን ልብሱን አላወለቀም። መጋረጃው፣ ቅሉ፣ ኮባው ሁሉ ቦታ ቦታው ላይ ዋለ፤ የክፍል ጓደኛዬን ጠርቼ አሳየኋት፣ አባቴ እንኳ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ደብተር ሲያርም ሰነበተ። እናቴ ግን ደስ አላላትም። የተላጠውን መጠገን ትታ፣ ማታ ማታ ሥዕሉ ፊት እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ ነበር። አራተኛው ቤት የገባነው ጊፋታ ሊደርስ ሲል፣ የወላይታ ሰው ሁሉ ለአዲስ ዓመቱ ቤቱን በሚጠርግበትና በሚቀባበት ሰሞን ነበር። ከግራም ከቀኝም ጎረቤቶቻችን እየሳቁ ሲለስኑ፣ የእኛ ግድግዳ እንደተረከብነው ቀረ፤ ዱንጉዛውም ከሳጥን አልወጣም። አትሰቅዪውም ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እኔም ደክሞኝ ነበር።

ዛሬ እናቴ የራሷ ቤት አላት። አባቴ ጡረታ ሊወጣ ሲል በማኅበር ተደራጅተው፣ ከከተማው ዳር ብዙ ዓመት የፈጀ ባለ ብሎኬት ቤት ሠሩ። ከገባችበት አራት ዓመቷ ሲሆን፣ የሳሎኑ ግድግዳ ግን ሲሚንቶው እንደተለሰነ፣ ግራጫ እንደሆነ ነው። እኔ አሁንም ተከራይ ነኝ፤ እሁድ እሁድ ስጠይቃት ስልኬን አውጥቼ በትንሽ ወጪ ሳሎን ማሳመርን የሚያስተምሩትን ቪዲዮዎች አሳያታለሁ። ዛሬ ሁሉ ነገር አለ፦ እንደ ወረቀት የሚለጠፍና ሲለቁ የሚላጥ የግድግዳ ጌጥ፣ የማይጠወልግ አበባ፣ ገመድ ላይ የተደረደረ መብራት፤ የሶዶን ሱቆች ሞልተዋቸዋል፣ የእኔም ክፍል በእነሱ ነው ያጌጠው። ያኔ ቢኖር ኖሮ ልብስ ማውለቁ የአምስት ደቂቃ ሥራ ይሆን ነበር። እናቴ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው ታያለች፤ «ቆንጆ ነው» ትላለች፤ ስልኩን ትመልስልኛለች።

ባለፈው እሁድ ግን ትዕግሥቴ አለቀና፣ «እማዬ፣ ስንት ዓመት የጠበቅሽው ግድግዳ አይደለም ወይ? ማንም አያስወጣሽም እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ሶፋው ላይ እግሯን ሰብስባ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ያንን ግራጫ ግድግዳ አየችው። «የራሴ ነው ብዬ ሳየው እንቅልፌ ይመጣል።»

ያኔ እናታችን በቀን ስትተኛ አይተናት አናውቅም ነበር። ቪዲዮውን ድምፁን አጠፋሁት፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ አሸለባት።