የአደይ አበባ ቅጠል ስንት ነው?

«አደይ አበባ ስንት ቅጠል ነው ያለው?»

ዝናሽ ይህን የጠየቀችኝ እንቁጣጣሽ አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን ጎን ለጎን እንኖር ነበር። እኔ ከወደብ ሥራ ተመልሼ ገና በሬን እየከፈትኩ ነው።

«አምስት» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ?»

እርግጠኛ አልነበርኩም።

ክፍሏ ስገባ እሳት ነው። አበባ የምትሠራው ከሪባን ነው፤ ሪባን ሲቆረጥ ደግሞ ጫፉ እንዳይተረተር በሻማ ይለበለባል። ቬንቲሌተር ከተከፈተ ሻማው ይጠፋል። ስለዚህ ዝናሽ በጅቡቲ ነሐሴ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ አንገቷ ላይ እርጥብ ፎጣ ጥላ ትሠራለች። ፊት ለፊቷ አርባ የሚያህሉ ቢጫ አበቦች ተደርድረዋል። ሁሉም ባለ አምስት ቅጠል።

ዝናሽ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። የሪባን አበባ የለመደችውም እዚያው ነው፤ ከሰዓት በኋላ የቤቱ ሰው ጫት ላይ ሲቀመጥ እሷ ሪባኗን ይዛ ወጥ ቤት ትቀመጣለች። በዚያ ወር አሠሪዋን ማዳምን ተሰናብታ በሪባን ልትኖር ወጣች። ማዳም ደግ ናት፤ «እስከ በዓላችሁ ሌላ ሰው አልቀጥርም፣ ካልሆነልሽ ተመለሺ» ብላታለች።

የመጀመሪያ ትእዛዟ ይህ ነበር፤ ለሀበሻው የአዲስ ዓመት ዝግጅት ደረት ላይ የሚሰካ ስድሳ አደይ። ያዘዙት እትዬ አስካለ በጥር ልጃቸውን ይድራሉ። አበባው ካማራቸው የሰርጉ ማስጌጫ የዝናሽ ነው። ካላማራቸው... ማዳም አለች።

አደይ ጅቡቲ አይበቅልም። ስልክም ያኔ ፎቶ አያሳይም። ሰው መጠየቅ ጀመርን።

ሪባኑን የምትሸጥላት የድሬዳዋ ልጅ ሐሊማ «ስድስት» አለች። «አቦ ዝም ብለሽ ሥሪ! ማን ይቆጥረዋል?»

«እኔ እቆጥረዋለሁ» አለች ዝናሽ።

ከጎረቤት አንድ የድሮ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ተገኘ። የተሣለው አንዱ አደይ ሰባት ቅጠል አለው፣ አጠገቡ ያለው ዘጠኝ... ሠዓሊውም እንደኛው ነው።

በማግስቱ ዶራሌ ወደብ ነዳጅ ሊጭን የመጣ ጋሽ ታደሰ የሚባል ሾፌር አገኘሁ። ሠላሳ ዓመት ቦቴ ነድቷል። በየመስከረሙ የሚያልፈው በአደይ መሀል ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ አደይ ስንት ቅጠል ነው ያለው?»

ከላይ ከጋቢናው ሆኖ አየኝ።

«ምን ነካህ አንተ? እኔ የማየው መንገዱን ነው። አበባ እያየሁ ብነዳ ዛሬ እዚህ ታገኘኝ ነበር?»

ለማንኛውም ሲመለስ ሊያመጣልን ቃል ገባ።

ዝናሽ መቀሷን አስቀመጠች። ስድስት ቀን ሙሉ አንድ ሪባን አልቆረጠችም። እንደ ሐሊማ ዝም ብለሽ ሥሪ ስላት ተቆጣች። «ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አበባ አበላሽቼ ማን ሰርጉን ያምነኛል?»

ጋሽ ታደሰ ቃሉን ጠበቀ። ደብረ ዘይት ወጣ ብሎ ሦስት አደይ ቀጥፎ፣ ውሃ ያለበት ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ፣ ሚሌንና ጋላፊን በዚያ ሙቀት አቋርጦ መጣ። ግቢያችን ሲደርስ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ሦስት ራቁት አገዳ ነው። ቅጠሎቹ ረግፈው ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ።

ዝናሽ ውሃውን ትሪ ላይ ገለበጠችና በጣቷ እየለየች ቆጠረች።

«ሃያ ሦስት» አለች። «ለሦስት አይካፈልም።»

«አንዷ ጠፍታ ይሆናላ» አልኩ።

«ታዲያ እኔ በላኋት?» አለ ጋሽ ታደሰ።

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ሲያነሳው አንዷ አንገቱ ላይ ተለጥፋ ተገኘች። ሃያ አራት። ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት።

ዝናሽ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በሦስት ቀን ውስጥ አርባውን ፈትታ እንደገና ሰፋች፤ የቀሩትንም ጨምራ ስድሳ ባለ ስምንት ቅጠል አደይ አደረሰች።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት በካርቶን ተሸክመን አዳራሹ ደረስን። እትዬ አስካለ አንዱን አበባ አነሱ። አገላበጡት። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ዝናሽዬ... ይሄ የሱፍ አበባ ነው እንዴ?»

«አደይ ነው እትዬ።»

«አደይማ አምስት ነው! እኔ ጎጃም ተወልጄ አደይ ልታሳይኝ ነው?»

«እትዬ፣ እኛ እኮ ከደብረ ዘይት...» ብዬ ስጀምር ዝናሽ እግሬን ረገጠችኝ። ጠንከር አድርጋ።

«ልክ ነዎት እትዬ። ተሳስቼ ነው። እንግዳ ሳይገባ አስተካክለዋለሁ።»

ከአዳራሹ ጀርባ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። እኔ ከየአበባው ሦስት ሦስት ቅጠል እቆርጣለሁ፤ እሷ ክሩን ላላ አድርጋ የቀሩትን አምስቱን ታራርቅና መልሳ ታጠብቃለች። ንዴት ያለው እኔ ጋ ብቻ ነበር።

«እውነቱን እኮ እናውቃለን» አልኳት።

«እናውቃለን። ያንን ቁረጥ፣ ሰዓት የለንም።»

ከምሳ በፊት እንግዳው ሁሉ አበባውን ደረቱ ላይ ሰካ። «ቁርጥ አደይ!» ያላለ የለም። እትዬ አስካለ ዝናሽን በሁለት እጃቸው ጉንጯን ይዘው ሳሟት።

«ይኸውልሽ፣ አደይ ማለት እንዲህ ነው! ለሰርጉ ደግሞ ነጭ ጽጌረዳ ነው የምፈልገው። ትችያለሽ?»

ዝናሽ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች።

«እችላለሁ እትዬ። እርስዎ የሚያውቁት ጽጌረዳ ስንት ቅጠል ነው ያለው?»

አበባ መሥራት ድሮም ትችል ነበር... ነጋዴ የሆነችው ግን ያን ቀን ነው።