የወንድሜ ድርሻ

ለመስቀል ጨንቻ ላይ አልጋ እንደማይገኝ እያወቅኩ ነው ሻንጣዬን አዝዬ የወጣሁት። ከአዲስ አበባ ርካሹን አውቶቡስ፣ ከአርባ ምንጭ ደግሞ ሽቅብ ሚኒባስ ይዤ፣ በትርፍ ተጭኜ፣ የማላውቀው ሰው ዶሮ ጉልበቴ ላይ ተቀምጦ። ረዳቱን «እኔም እኮ ሰው ነኝ» ስለው «ለመስቀል ጠጋ ጠጋ ነው፣ እህቴ» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሲርበኝ ምላሴ ይረዝማል፤ ያን ዕለት ግን ዶሮውን አቅፌ ተቀመጥኩ።

ሌላው ሊበላና ሊጨፍር ሲመጣ እኔ ወንድሜን ልጠብቅ ነበር የመጣሁት። በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ፤ አንዴ ከኬንያ ደወለ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እኛ ጋ ሰው የትም ከርሞ፣ ሸማኔም ይሁን የቀን ሠራተኛ፣ መስቀልን ቤቱ ነው የሚውለው። የታመመው እንኳ ተደግፎ ይመጣል። ስለዚህ በሕይወት ካለ ይመጣል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እናቴም በየዓመቱ እንደዚያ ነበር የምትለው።

ወደ ቀበሌያችን የሚሄድ ሁሉ ጨንቻ መናኸሪያ ወርዶ ነው በእግሩ የሚቀጥለው። ዋዜማውን እዚያው ልውል ወሰንኩ። የአልጋ ቤቷ ባለቤት አዘነችልኝና ኮሪደር ላይ ፍራሽ እንደምትዘረጋልኝ ነገረችኝ። «ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ።

«ወንድሜን።»

«አይዞሽ፣ ይመጣል። ለመስቀል የሚቀር ሰው አለ እንዴ?»

ልታጽናናኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በጥፊ ላጮላት ምንም አልቀረኝም።

ጉሙ ወርዶ መናኸሪያውን ሸፍኖታል። አዲስ አበባ አለስልሶኝ ነው መሰለኝ፣ ያደግኩበት ብርድ አጥንቴ ድረስ ገባ። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር እየተነሳሁ በር ላይ እቆማለሁ። አዲስ ጃኬት የለበሰ፣ ስኳር የተሸከመ፣ ጨቅላ ያቀፈ ይወርዳል፤ «ዮ ማስቃላ» እየተባባሉ ይተቃቀፋሉ። የመጨረሻው መኪና ባዶ ሆኖ ረዳቱ ወለሉን ሲጠርግ እንኳ አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ተስፋዬ እዚያው ቁርጥ አለ። ግን ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

በማግስቱ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ቤት ደረስኩ። እናቴ በር ላይ ነበረች። እኔን ሳይሆን ከትከሻዬ ኋላ ያለውን መንገድ አየች።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እማዬ።»

ስማኝ ገባች። ውስጥ አጎቴ ቅርጫውን በእንሰት ቅጠል ላይ ይመድባል። በቤታችን ደንብ ራቅ ብሎ ላለ ወንድ ልጅም ድርሻው ይቆረጥለታል፤ በቅጠል ተጠቅልሎ እስኪመጣ ድረስ ከምድጃው በላይ በገመድ ይንጠለጠላል። የወንድሜ ድርሻ አምና ጭስ ጠጥቶ እንደ ጠፍር ደርቆ እንኳ እናቴ ማንንም አላስነካችም።

እኔ መምጣቴን ስላልተናገርኩ ድርሻ አልነበረኝም። አጎቴ ከራሱ ሊቆርስልኝ ቢላዋውን ሲያነሳ እናቴ «ተው» አለችው። «የወንድሟን ስጣት።»

አጎቴ ቢላዋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«አልራበኝም እማዬ» አልኩ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።

«ብዪው፣ ልጄ። ዝም ብሎ ይበላሻል።» ዳጣውን አቀረበችልኝ።

ሥጋውን በዳጣው እያጠቀስኩ በላሁ። ስጨርስ እንባዬን ላለማሳየት ቀና አልኩ። ከምድጃው በላይ ገመዱ የለም። ምሰሶው ሥር ተጠምጥሞ ተቀምጧል። እኔ ከመድረሴ በፊት ነበር የፈታችው።