የቆመው ባና

የፈላ ውኃ በበግ ጠጉር ላይ ስገለብጥ የሚነሣው ሽታ፣ ዛሬም ሞጣ ወደነበረው ግቢያችን ይመልሰኛል። ስቱዲዮዬን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ይያዙ፣ እኔ በዚያ ሽታ ነው ያደግሁት።

አባቴ ሸማኔ ነበር። በበጋ እናቴ የበግ ጠጉር ፈትላ ትሰጠውና፣ እሱ ባና የምንለውን ወፍራም የብርድ ልብስ ሲሠራ ይከርም ነበር። ተሠርቶ ሲያልቅ ክሩ እንዲያያዝና ብርድ እንዳያስገባ፣ ሙቅ ውኃ እየፈሰሰበት በባዶ እግር ይረገጥ ነበር፤ ረጋጯ እኔ ነበርሁ። «ተረከዝሽን ስሚው» ይለኝ ነበር አባዬ፣ «ጨርቁ ከሥርሽ እሺ ማለቱን ትቶ ሲገፋሽ፣ ያን ጊዜ ውረጂ።»

አንድ ግንቦት፣ ቢቸና ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ያዘዙት ባና ለመረገጥ ደረሰ። ሽማግሌው ሳል ስለነበረባቸው፣ አባዬ ክረምት ሳይገባ ሊያደርስላቸው ቃል ሰጥቶ ነበር። እሱ ዙህር ሊሰግድ ሲሄድ፣ ውኃው ቢያቃጥለኝ ጊዜ ኮንጎ ጫማዬን አጠለቅሁና፣ መካከል ላይ ያቆረውን እየሸሸሁ ዳር ዳሩን ስዞር ቆየሁ። በፕላስቲክ ጫማ የጨርቁ መግፋት ምን ይሰማል! አባዬ ሲመለስ ዳሩ ተኮማትሮ፣ መካከሉ ተነፍቶ፣ ባናው እንደ ጎጆ ቆሞ ጠበቀው።

ባናውን አየ፣ ጫማዬን አየ። አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ጠጉር ስላልነበረን የራሱን ባና ከአልጋው ላይ አንሥቶ፣ አጥቦ፣ እኔን አስከትሎ ቢቸና ወሰደው።

«አንተስ ምን ልትለብስ ነው?» አሉት የኔታ።

«እኔ ወላሂ ይሞቀኛል፣ የኔታ» አላቸው።

ያን ክረምት በስስ ጋቢ ከረመ። ሲንቀጠቀጥ ባየሁት ቁጥር አፍር ነበር፤ እፍረቱ እስካሁን አለቀቀኝም።

አባዬን የተበላሸውን ልጣለው ስለው «ይቁም፤ የሚመጣውንም የምትረግጪው አንቺው ነሽ» አለኝ። መስከረም ጠብቶ ዶሮአችን ውስጡ እንቁላል እስክትጥል ድረስ ጥጉ ላይ ያለ ምንም ድጋፍ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ እያየሁት እናደድ ነበር፤ በኋላ ግን ጨርቅ እንዴት ሊቆም ቻለ እያልሁ እዞረው ጀመር። በጋው ሲመጣ የአባዬን አዲስ ባና በባዶ እግሬ ረገጥሁ፣ ተረከዜ ሲነግረኝም ወረድሁ።

ዛሬ ቀራፂ ነኝ፤ ስቱዲዮዬም እዚያው ቢቸና ነው። ድንጋይ አልጠርብም፣ ባና አቆማለሁ፤ የሰው ቁመት የሚያህል፣ ሽቦም እንጨትም የሌለው። ሦስቱ ወድቀውብኛል። አራተኛውን ይዣለሁ፤ እሱም ቢወድቅ አምስተኛ አለ።

አባዬ አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ስኳር በሽታ እግሩን ስላደነዘዘው መሬቱን እንኳ አይሰማውም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስረግጥ ያየኛል። ድሮ ጨርቁ ሲገፋኝ እወርድ ነበር፣ ጨርቅ የሚቆመው ከዚያ በላይ ሲረገጥ ስለሆነ ግን ዛሬ ዋናው ሥራዬ የሚጀምረው ሲገፋኝ ነው። ድሮ ውረጂ የሚለኝም እሱ ነበር፤ ዛሬ እግሬን እግሬን እያየ ይጠይቀኛል።

«ገፋሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«ገና ነው፣ አባዬ» እለውና፣ ውኃ ጨምሬ እረግጣለሁ።