ሁለት ሞተር፣ አንድ ዘንግ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የበረኪና ሽታ ነው። ከዚያ የሰው እግር፤ ወለሉ በሙሉ እግር ነበር። ካቦ የሚሉት የእስር ክፍሉ አለቃ፣ ጠና ያለ ሰው፣ በሩ ሥር ቦታ አሳየኝ። አዲስ ገቢ እዚያ ይተኛል፣ ጉዳዩንም ለሁሉም ይናገራል። ደንቡ ነው።

"በምን መጣህ?"

"በአሻንጉሊት፣ ጋሼ።"

ሳቁ። እኔ የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። ሲኤምሲ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ለክፍል ማሳያ ከፎም የሠራናትን አውሮፕላን ሜዳ ላይ ብቻዬን ስሞክር ነው የያዙኝ። መርማሪው "ድሮን ነው" ሲል፣ የአስተማሪ ነገር፣ አረምኩት።

"አይደለም፤ የወታደር ማጓጓዣ ሞዴል ነው። እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ ይነሳል። ከዚያ ክንፉ ጫፍ ላይ ያሉት ማራገቢያዎች ወደፊት ይዘነብሉና እንደ አውሮፕላን ይበራል።"

ከዚህ ሁሉ የጻፈው "ወታደር" የምትለዋን ብቻ ነው። ባብራራሁ ቁጥር ወንጀሌ እየወፈረ ሄደ።

ካቦው ራሱን ነቀነቀ። "ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?"

በማግስቱ መርማሪው ሌላ ነገር ፈለገ። "ይሄን አንድ ሰው አይሠራውም። ማን ነበር አብሮህ? ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።"

ባልደረባዬ አራስ ነበረች። "ብቻዬን ነኝ" አልኩ። ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ደጋግሜ ያንኑ አልኩ። ቤቴ ግን በጣም አማረኝ።

ስመለስ እስረኞቹ የአውሮፕላኑን አሠራር አሳየን አሉኝ። ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ጣራችን ላይ እስኪያልፍ ጠበቅኩ፤ እሱ ሲያልፍ መነጋገር አይቻልም። ከዚያ በአንድ ማንኪያ ጫፍና ጫፍ ሁለት የውሃ ጠርሙስ ክዳን ይዤ አሳየኋቸው።

"ሁለት ሞተር አለው። በክንፉ ውስጥ ዘንግ ያገናኛቸዋል። አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ የቀረው በዘንጉ በኩል የሁለቱንም ማራገቢያ ያዞራል።"

ካቦው ማንኪያውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። "የጠፋው ሞተርስ፣ ጓደኛው እንደሚያዞርለት ያውቃል?"

"ሞተር ምን ያውቃል፣ ጋሼ።"

ከተፈታሁ ቆየሁ። አሻንጉሊቷን ስጠይቅ "ኤግዚቢት ናት" ይሉኛል። ወደ ትምህርት ቤቱም አልመለሱኝም። ባልደረባዬን አልፎ አልፎ ሲኤምሲ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኛታለሁ። ምን እንደጠየቁኝ አታውቅም። ገና ስታየኝ ሰልፉን ትታ መንገድ ትሻገራለች። ፈርታ ነው፣ አልፈርድባትም፤ ግን ያንገበግበኛል።

ባለፈው ዝናብ ነበር። ልጇን እጇን ይዛ ሰልፉ መሃል ቆማለች። ሳታየኝ እኔው ከሰልፉ ወጣሁና በእግሬ ሄድኩ።