ማሩ የመረረ ዕለት

እትዬ የምንላት የምግብ ቤታችን አብሳይ ሰዓት አይታ ያበሰለችበት ቀን የለም። "ሰዓት የሚያይ ሰው አውቶቡስ ይንዳ" ትል ነበር። ጦስኙን ራሷ ከጓሮ ቆርጣ፣ ቅጠሉን በጣቷ ሽምጥጥ አድርጋ፣ ድንቹም ዶሮውም ላይ ትበትነዋለች። ዋናው ችሎታዋ ግን ኬኩ ላይ የሚፈሰው ማር ነበር። ማርና ሎሚ እያፈላች ጦስኙን ከነግንዱ ትነክርና ድስቱ ላይ ታጎነብሳለች። ሣር ሣር ማለቱን ትቶ ሽታው ለዘብ ሲል ላፍ አድርጋ ታወጣዋለች። ትንሽ ከቆየ ይመራል።

አንድ ክፉ ጉንፋን ያዛትና ሲለቃት ማሽተት ነሥቷት ሄደ። ይህ ቢታወቅ ምድጃውን ማን ይተውላታል? ከኋላዋ ዕቃ ለምታጥበው ለታናሽ እህቷ ብቻ ነገረቻት። ጦስኙ ሲደርስ እህትየው ማንኪያ ገንዳው ውስጥ ትጥላለች፤ ቋ ሲል እትዬ ታወጣለች። እኔ አስተናጋጁ በምግብ ማቀበያው መስኮት እያየሁ ነቅቼባቸዋለሁ። ደንበኛ "እጅሽ ይባረክ" ሲላት እትዬ ኮራ ብላ አሜን ትላለች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

እህትየውን ግን ዕቃ ማጠቡ አንገሽግሿታል። ምድጃው ላይ ልሥራ ብላ ስትለምን እትዬ ሁላችን ፊት "እጅሽ ገና ጥሬ ነው" አለቻት። የልጅቱን አፍንጫ ተውሳ እንዲህ ማለቷ እኔንም አናዶኝ ነበር።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ልጇን ያስመረቀች ዕለት ትልቅ ኬክ ታዘዘ። ማሩ ተጣደ፣ ጦስኙ ገባ፣ እትዬ አጎንብሳ መጠበቅ ጀመረች። እህትየው ማንኪያውን እንደያዘች ቆማ ድስቱን ታያለች። ሽታው መስኮቱ ድረስ መጥቶ ለዘበ፣ ቆይቶም መድኃኒት መድኃኒት ማለት ጀመረ። ልናገር ስል ከአዳራሹ ተጠራሁ። ማንኪያው ቋ ሲል የሰማሁት ትሪ ይዤ ስመለስ ነው። እትዬ ቀምሳ እንኳ አላየችም፤ እህቷን አምናለች።

እንግዶቹ አንድ አንድ ጊዜ ጎርሰው ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። ባለቤቷ ተቆጥታ ወደ ማብሰያው ክፍል ገባች። ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቅ የመለሰችው እህትየው ናት፤ እጇን በሽርጧ እያደረቀች።

"እትዬ ማሽተት ካቆመች ቆይታለች። እስከ ዛሬ ሳሸትላት የኖርኩት እኔ ነኝ።"

እዚያው አዲስ ማር አፍልታ አቀረበች። ቀመስኩት፤ ከእትዬ ማር በምንም አያንስም። አንጀቴን ያሳረረው ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ቦታ ተለዋወጡ። አንድ ቀን እትዬ ሳህን ስታለቀልቅ ተጠግቼ፣ ልጅቱ ሆን ብላ እንዳዘገየችው ለባለቤቷ እንድትነግራት፣ እኔም እንደምመሰክርላት ነገርኳት። ቀና እንኳ አላለችም።

"የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ሄጄ ለአሳዳጊዋ እከሳት ነበር" አለችኝ። "ይቺን ለማን ልክሰሳት? ያሳደግኋት እኔው ነኝ።"